የአረንጓዴው ትሪ ቁልፍ

የቀዶ ጥገና ዕቃ በሚታጠብበትና በሚቀቀልበት ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። አቃቂ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል፣ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ጀርባ፣ መስኮቷ ጄኔሬተሩን የምታይ ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ ነርስ ነኝ እላለሁ። የት ክፍል ሲለኝ ግን ማስረዳቱ ስለሚያደክመኝ ዕቃ አጣቢ ነኝ ብዬ እገላገላለሁ። አክስቴ ይህን ሰምታ፣ ለዚህ ነው እንዴ ኮሌጅ የገባችው ብላ ከልቧ አዝናልኛለች።

እውነቱን ለመናገር ከማጠቡ ይልቅ የሚያስመርረው መለየቱ ነበር። የቀዶ ጥገና ብረት ሁሉ ወንድማማች ነው። ሥጋ የሚቆርጠው መቀስና ክር የሚቆርጠው መቀስ፣ ደም የሚያቆመው መቆንጠጫና ፋሻ የሚይዘው መቆንጠጫ፣ መርፌ መያዣው፣ ምኑ ቅጡ፣ አንድ ላይ ታጥቦ ፎጣ ላይ ሲሰጣ ሁሉም ያው የሚያብለጨልጭ ብረት ነው። እኔ ከልምድ ብዛት ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እለያቸዋለሁ። ግን እኔ አንድ ሰው ነኝ። ቅዳሜና እሑድ የሚገባው ሌላ ነው፣ አዳር የሚገባው ሌላ ነው፣ ለልምምድ የሚመጡት ተማሪዎች ደግሞ በየወሩ ይቀያየራሉ። የሆድ ቀዶ ጥገናው ትሪ፣ የእናቶቹ ትሪ፣ የቁስሉ ትሪ፣ ጠዋት ስገባ የአንዱ ዕቃ ከሌላው ተዘባርቆ ይጠብቀኛል። አንድ ሰሞን የቁስል ክፍሉ ሰዎች ምርጡን የሥጋ መቀስ ወስደው ጀሶ ሲቆርጡበት ደረስኩባቸው። ጀሶ የቆረጠ መቀስ ከዚያ ወዲያ ቅቤም አይቆርጥ። ምን ነካችሁ ብላቸው፣ መቀስ አይደል እንዴ አሉኝ።

ይህን ማንም ሰው እንደ ትንሽ ነገር እንዳያይብኝ አንድ ቀን የሆነውን ልንገር። ምጥ የጠናባት አንዲት እናት ከአቃቂ በሰቃ በባጃጅ መጣች። ልጁ ተጋድሟል፣ በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት ተባለ። የእናቶቹ ትሪ ሲከፈት መርፌ መያዣ የለውም፤ በሱ ፋንታ ሁለት የፋሻ መቆንጠጫ ተኝቶበታል። ትሪውን ያዘጋጀው ሰው በመልኩ ተሳስቶ ነው። ያለ መርፌ መያዣ የተከፈተ ማህፀን መልሶ አይሰፋም፤ ዶክተሩም አልከፍትም አለ፣ ልክ ነበር። ሌላ ትሪ ቶሎ እንዳንቀቅል መብራት ጠፍቷል፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም። ሪፈር ተባለች። አብሬያት አምቡላንስ ውስጥ የገባሁት እኔ ነበርኩ። ሳሪስ አቦ ጋ ስንደርስ መንገዱ በከባድ መኪና ተዘግቶ ቆምን። ሳይረኑ ይጮኻል፣ ንቅንቅ የሚል የለም፤ እሷ እጄን ጨብጣ፣ ደረስን ወይ፣ ደረስን ወይ ትለኛለች። እናትየው ተርፋለች። ልጇን ግን ይዛ አልተመለሰችም።

ያ ልጅ የቀረው አንድ ስንዝር በማትሞላ ብረት ምክንያት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ ጉዳዩ አንድ ብቻ ሆነ፤ የእናቶቹ ትሪ በተፈለገ ሰዓት ሙሉ ሆኖ መገኘት አለበት። ሌላው ቢጎድል ይጉደል።

ዘዴ ያልሞከርኩት የለም። እጀታቸው ላይ ባለቀለም ፕላስተር ጠቀለልኩ። አውቶክሌቩ፣ ማለትም በእንፋሎት የሚቀቅልልን ትልቁ ድስት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያፈላው ፕላስተሩ ተልፈስፍሶ ተላጠ፤ ሥሩም ቆሻሻ ቋጠረ። የጥፍር ቀለም ገዝቼ ቀባሁ። ፍርፋሪው ፎጣው ላይ ረግፎ ሳየው፣ ይህ ሰው ሆድ ውስጥ ቢገባስ ብዬ ደንግጬ በአሴቶን ፈግፍጌ አነሳሁት። በመጨረሻ አቃቂ በሰቃ አንድ ብረት ቤት ሄጄ መኪና የሚቀባበትን ቀለም ጠየቅኩ። ሰውየው ለምን እንደፈለግኩት ሲሰማ፣ ሰው ሆድ ውስጥ ለሚገባ ነገር እኔ የለሁበትም ብሎ ሸኘኝ። በዚያ ዓመት ካነጋገርኳቸው ሰዎች ሁሉ አስተዋዩ እሱ ነበር።

ታዲያ አንድ ጊዜ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ሊሰጡ የመጡ የውጭ ሐኪም ሲሄዱ አራት ትሪ ሙሉ ዕቃ ትተውልን ሄዱ። የዕቃዎቹ እጀታ ባለቀለም ነው፤ አንዱ ትሪ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ። ይህ ቅብ አይደለም፣ ሴራሚክ ነው አሉን። ብረቱ ላይ በስሱ ይለበጥና በእሳት ይጋገራል፤ አንድ ጊዜ ከያዘ በእንፋሎትም በመድኃኒትም አይለቅም፣ አይረግፍም። ድሮ እናቶቻችን ቤት የነበረውን ባለ ሽፋን የብረት ሳህን አስታወሰኝ፤ ያኛው ግን ሲወድቅ ይላጣል፣ ይኸኛው ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅም ምንም አይል። ሐኪሙ ራሳቸው ሆን ብለው ጥለው አሳይተውናል። አረንጓዴ እጀታ ያለው ሁሉ አረንጓዴው ትሪ ውስጥ ይግባ፣ ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም አሉ። እኔም ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ የማይሳሳትበት ነገር መጣልን ብዬ ክፍሌ ገብቼ በደስታ አለቀስኩ። እንዲህ በቶሎ ማልቀሴ የመንግሥት ሥራ ገና እንዳልገባኝ ያሳያል።

መጀመሪያ ስብሰባው መጣ። ያን ጊዜ እንደማንኛውም መሥሪያ ቤት እኛም በአንድ ለአምስት ተደራጅተን፣ ካይዘን የሚሉትም አሠራር ደርሶን፣ ግድግዳው ሁሉ በባለቀለም ወረቀት ተሸፍኖ ነበር። የትኛው ቀለም ለየትኛው ሥራ ይሁን የሚለው ሦስት ስብሰባ ፈጀ። እኔ አረንጓዴው የእናቶች ይሁን አልኩ። አንዱ ተነስቶ ለወሊድ የሚስማማው ቀይ ነው አለ። ሌላዋ ቀይ እናቶችን ያስደነግጣል አለች፤ እናቶቹ ተኝተው እንደሚገቡና ትሪውን እንደማያዩት ብነግራት፣ እሱስ ቢሆን ብላ ተቀመጠች። ሦስተኛው ደግሞ ሰማያዊው ከመደርደሪያው ጋር ስለማይሄድ ወደ ነጭ ይቀየር የሚል ሐሳብ አቀረበ። ተጋግሮ የመጣ ነገር አይቀየርም ብዬ ብነሳ፣ ሰብሳቢው ለለውጥ ዝግጁ አለመሆኔን በትሕትና ጠቆሙኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ የቀለም ለውጡ በሂደት ይታያል ተብሎ ተጻፈ። በሂደት ይታያል ማለት ምን ማለት እንደሆነ መንግሥት ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በመጨረሻ አረንጓዴው የእናቶች ሆነ፤ የሆነውም እኔ አሳምኛቸው ሳይሆን የምሳ ሰዓት ደርሶ ነው።

ቀጥሎ የጽዳት ሠራተኛችን አለች። ወሎ ተወልዳ አቃቂ ያደገች፣ በዕድሜ ከኔ ጥቂት የምትበልጥ፣ እጇ የነካው ሁሉ የሚጠራ ሴት ናት። ብረት ካላብለጨለጨ ታጠበ አትልም። ሁለት ቀን ፈቃድ ወጥቼ ስመለስ የሰማያዊዎቹን እጀታ ይዛ በሽቦ ስታሽ ደረስኩባት። ላብ አጥምቋታል።

"አብሽሪ ሲስተር" አለችኝ፣ "ትንሽ አስቸገረኝ እንጂ ይለቃል።"

ሁለት ቀን ሙሉ ስታሽ ነው የከረመችው። አራት ሽቦ ጨርሳለች። ሴራሚኩ ላይ ጭረት እንኳ የለም፤ ያለቀው የሷ ጥፍር ነው። ቀለሙ ምን እንደሚሠራ ለሷ የነገራት ሰው አልነበረም። ሦስቱም ስብሰባ ላይ የጽዳት ሠራተኞች አልተጠሩም፤ ከሷ ጋር አንድ ክፍል የምውለው እኔም ትዝ አላለኝም። ይህን ያሰብኩት ግን ብዙ ቆይቼ ነው። የዚያን ቀን ያደረግኩት ሽቦውን ከእጇ ነጥቄ መጮህ ነበር። ሰው ሲሰማ ጮህኩባት፤ እሷም እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወጣች።

ከሁሉም ጨጓራዬን የላጡት ግን የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን በፋብሪካ መጋዘን ጨርሰው ወደኛ የመጡ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ለመንግሥት ዕቃ የሚሞቱ ሰው ናቸው። ቁጥር ያልተጻፈበት ዕቃ የመንግሥት ዕቃ አይደለም ብለው ያምናሉ። ወንበሩ፣ ባልዲው፣ የግድግዳው ሰዓት፣ የሰዓቱ ሚስማር ሳይቀር ቁጥር አለው። ባለቀለሞቹንም ወደ መጋዘን አስመልሰው፣ ቁጥር ካልተቀረጸባቸው አይወጡም አሉ። ብረቱ ከተቧጠጠ እዚያው ቦታ ላይ ይዝጋል፣ ጀርምም ይሸሸግበታል ብዬ ለመንኳቸው። መመሪያ አውጥተው አነበቡልኝ፤ እያንዳንዱ ቋሚ ዕቃ ይላል። የኛ ችግር መቀሱ ቋሚ አለመሆኑ ነው፣ ቢቆምልንማ እዚህም አንደርስ ነበር አልኳቸው። ቀልድ አይወዱም።

ከብረት ቤት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቁጥር መቅረጫ ተውሰው መጡ። መጋዘኑ በር ላይ ወንበር አውጥተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አሳርፈው፣ አረንጓዴው እጀታ ላይ መጻፍ ጀመሩ። መቅረጫው ይጮኻል፣ ሴራሚኩ አልሰማሁም ይላል። የመቅረጫው ጫፍ ዶለዶመ። ሌላ አስመጥተው ሞከሩ፣ ተሰበረ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በልቤ አጨበጭባለሁ። ሦስተኛው ሲሰበር ቀና ብለው አዩኝና ጠንካራ ነገር ነው አሉ፣ በአድናቆት። ደስታዬ ብዙም አልቆየ፤ መጋጠሚያው አጠገብ ሽፋን የሌለውን ራቁት ብረት አገኙትና ቁጥራቸውን እዚያ ላይ ጻፉት። ወር ሳይሞላ ቁጥሮቹ ዝገት አወጡ። ወስጄ ባሳያቸው በብርሃን ዞር ዞር አድርገው አዩትና፣ ቁጥሩ ይነበባል አይደል እንዴ አሉኝ። ከዚያም ሞዴል ሃያ ሁለት የሚባለውን የዕቃ መረከቢያ አስፈረሙኝ። ከዚያ ፊርማ ወዲያ እያንዳንዷ መቀስ የኔ ጣጣ ሆነች።

ለሐኪሙ ልፋት ልመስክር፤ ትሪዎቹ ከዚያ ወዲያ ተዘባርቀው አያውቁም። አረንጓዴ ከሰማያዊ የሚያምታታ ሰው አልተገኘም፣ አዳር ገቢውም ተማሪውም ሳይጠየቅ ቦታውን አወቀ። አዲሱ ችግር ያማረ ነገር ዓይን መሳቡ ነው። አንዱ አረንጓዴ መቆንጠጫ ሻይ ክፍል ውስጥ የለስላሳ ቆርኪ ሲከፈትበት አገኘሁት። ጥገና ክፍሉ ሌላውን ወስዶ ሽቦ ጎትቶበት መለሰው። አንዲት ሐኪም ቀይዋን መቀስ ቆንጆ ናት ብላ ደረት ኪሷ ላይ ሰክታ ግቢውን ስትዞርባት ዋለች። ይህን ሁሉ የያዝኩት ከሩቅ ስለሚታየኝ ነው። የበፊቶቹ ብረቶች ስንት ቦታ ይዞሩ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ መልክ ስላልነበራቸው አናውቅም ነበር እንጂ እነሱም ቆርኪ ሲከፍቱ ኖረዋል።

አንድ ቀን አረንጓዴው ትሪ አንድ መቆንጠጫ ጎደለው። ግማሽ ቀን ፈልጌ የአትክልተኛው ክፍል ውስጥ የውኃ ጎማ ተቆንጥጦበት አገኘሁት። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። አምቡላንስ ውስጥ የነበረችው ሴት፣ ደረስን ወይ የምትለው፣ ጆሮዬ ላይ ነበረች። በቃ አልኩ፤ ከእንግዲህ ይህን ትሪ ከኔ በቀር ማንም አይነካውም። ጋሼን ቁልፍ ያለው የብረት ቁም ሳጥን ይስጡኝ ብዬ ጠየቅኳቸው። በአንድ ነገር ስንስማማ ያ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ቀን አስመጡልኝ፣ ቁጥርም ጻፉበት። ቁልፉ አንድ ነበር፤ በመመሪያው መሠረት ዕቃውን የፈረመ ሰው ጋ ይቀመጣል አሉና እጄ ላይ አኖሩት። በክር አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ካለው ዚፕ ጋር አሰርኩት። ማታ ስወጣ ትሪውን ለአዳር ገቢዋ፣ ዓርብ ደግሞ ለቅዳሜና እሑዱ ተረኛ አስፈርሜ እሰጣለሁ፣ ስመለስ ቆጥሬ እረከባለሁ፣ ቀቅዬ እቆልፋለሁ። ቀን ቀን እኔ እዚያው ስላለሁ ምን ችግር አለው። ወራት በዚሁ ሄዱ፣ አንዲት ብረት ሳትጎድል። እንቅልፍ የተኛሁት እነዚያን ወራት ነው።

አንድ ማለዳ ከቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ተጋፍቼ ደርሼ፣ አረንጓዴውን ትሪ ቆጥሬ ቆልፌ ገና ጋዎኔን ሳልለብስ ደብዳቤ መጣ። ሳሪስ በሚገኝ አዳራሽ የካይዘን ሥልጠና አለ፣ የእያንዳንዱ ክፍል ተጠሪ አሁኑኑ ይገኝ ይላል። ሁልጊዜም አሁኑኑ ነው። አሮጌው፣ ቀለም የሌለው የእናቶች ትሪ ተቀቅሎ ተቀምጧል፣ ለግማሽ ቀን ይበቃቸዋል ብዬ አሰብኩ። ስወጣ የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ላይ አገኘችኝና ቁልፉን ተይልኝ አለችኝ። ኃላፊነቱ የኔ ነው፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ ብያት አለፍኩ።

አዳራሹ ውስጥ ሞባይል አጥፉ ተባልን። አሠልጣኙ ቀጭን፣ ክራባቱን አሥሬ የሚያስተካክል ሰው ነበር። ስለ ዕቃ አቀማመጥ አስተማረን፤ አንድ ዕቃ ሲፈለግ ማንም ሠራተኛ ማንንም ሳይጠይቅ በደቂቃ ውስጥ ሊያገኘው ይገባል አለ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ከሥሩም አሰመርኩበት። ይህን ለኛዎቹ ማን በነገራቸው ብዬ ሰዎቹን አንድ በአንድ በልቤ ቆጠርኩ።

ለሻይ ስንወጣ ስልኬን ስከፍት አሥራ አራት ጊዜ ተደውሎልኝ እንደነበር መልእክት ገባ። መልሼ ብደውል ኔትወርክ የለም። አንድ ጊዜ ተነሳልኝና የማዋለጃዋ ነርስ ድምፅ እየተቆራረጠ፣ አሮጌው ትሪ ጠዋት ለሌላ እናት ተከፍቶ እንደዋለ፣ አሁን ደግሞ ደም እየፈሰሳት የመጣች ሴት እንዳለች፣ ቁልፉ የት እንደሆነ ስትጠይቀኝ ሰማሁ። ስበሩት ብዬ ጮህኩ፤ መስመሩ ግን ተቋርጧል። ሰምታኝ ይሁን አይሁን አላወቅኩም።

ሚኒባሱ ውስጥ የገባሁበትን አላስታውስም። ረዳቱ አንድ ሰው ካልሞላ አንሄድም ብሎ ቆሞ ሲጣራ የሁለት ሰው እከፍላለሁ ብዬ ተቆጣሁት። ቃሊቲ ላይ ከባድ መኪኖቹ መንገዱን ሞልተው እንደልማዳቸው ይሳባሉ። በሹፌሩ ተናደድኩ፣ በትራፊኩ ተናደድኩ፣ ደብዳቤውን በጻፈው ሰው፣ አሮጌውን ትሪ ቶሎ ባልቀቀለው ሰው፣ ስልክ ባስጠፋው አሠልጣኝ ተናደድኩ። ቦርሳዬን ጭኜ ላይ አጥብቄ ይዤው ነበር፤ ቁልፉ ከጨርቁ ሥር ይቆረቁረኛል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። የምናደድበት ሰው ሲያልቅብኝ ከቁልፉ ጋር ቀረሁ፣ ከዚያ ወዲያ የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም።

ስደርስ የቁም ሳጥኑ በር ተጣሞ ተገንጥሏል። መሬት ላይ አንድ ክንድ ፌሮ ወድቋል፣ አጠገቡ ደም ይታያል። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸው በፋሻ ይጠቀለላል። የሆነውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ሰው ሁሉ እኔን በስልክ ሲፈልግ የጽዳት ሠራተኛዋ ወደ መጋዘን ሮጠች። ጋሼ መጀመሪያ ማን ነው የሚፈርምልኝ ብለው ጠየቋት፤ ሴትየዋ እየሞተች ነው ስትላቸው ግቢው ውስጥ ከሚሠራው ግንባታ ፌሮ አንስተው ሮጡ። በሕይወታቸው አንድ የመንግሥት ብርጭቆ ያልሰበሩ ሰው ቁም ሳጥኑን ሲገነጥሉ ቆርቆሮው እጃቸውን ሸረከተው። አረንጓዴውን አውጥታ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ድረስ ያደረሰችው እሷ ናት። የትኛው ነው ብላ ማንንም አልጠየቀችም፤ የእናቶቹ አረንጓዴው እንደሆነ ስታጥበው ኖራ ታውቃለች።

ልጁ ሲወጣ አላለቀሰም። አዋላጇ ብዙ ደከመችበት፣ ሰው ተስፋ ሲቆርጥም አልተወችውም፤ ቆይቶ ቆይቶ አለቀሰ። እናትየውም ደም ተሰጥቷት ተረፈች። ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ስገባ ባልየው ጋዎኔን አይቶ ትከሻዬን ሊስመኝ ጎንበስ አለ። ገላገላችሁን፣ ፈጣሪ ይክፈላችሁ አለኝ። አሜን ማለት አቃተኝ። አፈርኩ፤ እንዳላየ ሰው የልጁን ብርድ ልብስ አስተካክዬ ወጣሁ።

ዓርብ ግምገማ ተጠራ። አጀንዳው በመንግሥት ንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት ይላል። ጋሼ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተጠየቁ፤ የታሰረ እጃቸውን በሌላው እጃቸው ደግፈው ቆሙ። ኮሚቴ ሳይወስን ቁም ሳጥን መስበራቸውን አመኑ፣ ጥፋት ነው አሉ፣ የቁም ሳጥኑንም ቁጥር በቃላቸው ጠሩ። ሰብሳቢው ለምን ኮሚቴውን አላማከሩም ሲሏቸው ኮሚቴው ሥልጠና ላይ ነበር አሉ። አንዱ ተነስቶ የቸኮሉ መሆናቸውን ገመገመ። ሌላው በአርአያነት ላይ ተናገረ። ሴትየዋንና ልጇን ያነሳ ሰው አልነበረም። ስለ ቁልፉም የጠየቀ የለም፤ ቁልፉ መመሪያው ባለው ቦታ፣ ፈራሚዋ ጋ ነበራ። በወረቀት እኔ ንጹሕ ነበርኩ። ዝም ብል ማንም አይነካኝም።

ተነሳሁና ቁልፉ እኔ ቦርሳ ውስጥ ሳሪስ ሄዶ ነበር አልኩ። ሰብሳቢው፣ እሱ እንኳ ትክክል ነው ሲስተር፣ አሠራሩን ጠብቀሻል ብለው ወደ ጋሼ ሊመለሱ አሉ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ያን ቀን ለምስክርነት ተጠርታ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። እጇን ሳታወጣ ተነሳች።

"ጠዋት ተይልኝ ብዬሽ ነበር" አለች። "ለምን ይዘሽው ሄድሽ?"

ቁጣ አልነበረባትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። መመሪያው ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ያ መልስ ምላሴ ላይ ዝግጁ ነበር፣ አዳራሹም የሚጠብቀው እሱን ነው።

"ስለማላምናችሁ ነው" አልኩ።

ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ፣ ይጻፍ ወይስ ይቅር እንደማለት ሰብሳቢውን አየ። እሷ ሽቦ የበላው ጣቷን ትንሽ አየችና ራሷን ነቅንቃ ተቀመጠች።